ሰባት ቋጠሮ ወደ ጭሶ ገደል

ደንቢያ ላላችሁ ዘመዶቼ፤ ቆላ ሲባል ንዳድ ብቻ ለሚታያችሁ፣ ከጭልጋ ወዲህ እግራችሁን ለማታነሡ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሄጄ ተመልሻለሁ፤ አልሞትሁም። ምድር ከሥሯ የምትጤስበትን ገደል በዓይኔ አይቼ፣ እሳት ሳይነድበት የበሰለ እንቁላል በልቼ፣ ከሄድሁበት ቀን ይልቅ ወፈር ብዬ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ይህን ሲያነብ «ደብተራው ዛሬም ያጋንናል» እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። ያፈርሁበትን ነገር ሳልደብቅ ስለምጽፍ የቀረውንም ሊያምነኝ ይገባል።

የጉዞዬ ምክንያት ጭሱ አልነበረም። ባለቤቴ ጥሩዬ ሰኔ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች። ከዚህች በፊት የወለደቻት ልጃችን በስልሳኛው ቀኗ፣ ክርስትና ሳትነሣ አርፋብናለች። ስለዚህ ይህችኛዋ በሰማንያ ቀኗ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገይ እንድትጠመቅ ጥሩዬ ቆርጣ ተነሥታለች። ክርስትና እናቷም ከእመት ዳሳሽ በቀር ሌላ ሰው አትሆንም አለች። እመት ዳሳሽ፣ ጣልያን የገባ ጊዜ እኔና ጥሩዬ በግርግሩ ተለያይተን ሳለ፣ በንዳድ የወደቀችውን ባለቤቴን ከመንገድ አንሥተው ሦስት ወር ያስታመሙ ባልቴት ናቸው። «ሴት ልጅ ከወለድሁ እርስዎ ያነሡልኛል» ብላ ያን ጊዜ ቃል ገብታላቸዋለች። ቤታቸው ከመተማ የጓንግን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ሁለት ቀን ተኩል ያስኬዳል። ሄዶ ማምጣት የኔ ፋንታ ሆነ።

መተማ ውስጥ ጾምና በዓል የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ገበያ ቀን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ፣ ከባለጉዳዩ ይልቅ «ደብተራ፣ ሁዳዴ መች ይገባል?» የሚለኝ ይበዛል። ስለዚህ የልጄን ሰማንያ ቀን ቆጥሬ «መስከረም ሦስት» አልሁ፣ አበቃ። ጥሩዬን ግን ከወለደች ጀምራ ፀሐይ ስትጠልቅ ክር አንሥታ አንድ ቋጠሮ ስትቋጥር አያት ነበር፤ የአራስ ቤት ሥራ መፍታት ነው ብዬ ትቻት ነበር።

ልነሣ ስል ከስንቄ ጋር አንድ የተገመደ ጥቁር ክር ሰጠችኝ፤ ሰባት ቋጠሮ አለበት።

«ከዛሬ ጀምረህ በየቀኑ አንዳንድ ፍታ» አለችኝ። «ሰባተኛውን ስትፈታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ላግኝህ። ክሩንም እንዳትጥልብኝ።»

ተቀየምሁ። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ቋጠሮ! ክሩን ተቀበልኋትና የበሶዬን ስልቻ አፍ አሰርሁበት።

ጳጉሜን ሁለት ማለዳ አህያዬን ጭኜ ወጣሁ። በከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ለጣልያን ያደረ አንድ የሐማሴን አስካሪ አቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«የልጄን ክርስትና እናት ላመጣ።»

የይለፍ ወረቀቴን ገለባብጦ አየና መለሰልኝ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

«እግዜር ያሳድጋት። እለፍ» አለኝ። ከዚያ ኬላ ይህን ያህል መልካም ቃል ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የዚህ አገር መሬት እንደ ደንቢያ ጥቁር ነው፤ ጭቃው ግን የተለየ ነው። የኛው ጭቃ እግር ይይዛል እንጂ ሲለምኑት ይለቃል። ይኸኛው እንደ ባለጉዳይ ነው፤ አንዴ ከያዘ ነገሩን ሳይጨርስ አይለቅም። እኔ አህያዬን እየሳብሁ፣ አህያዬ እኔን እየሳበች፣ አበባ በያዘ የሰሊጥ ማሳ መካከል ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ወደ ማታ ላይ ጓንግ ውስጥ የሚገባ አንድ ወንዝ ገጠመን። ውኃው እስከ ወገቤ ነበር፤ የአህያዬን ጅራት ይዤ ተሻገርሁ። እናንተ ፊት ይህን ባደርግ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ትስቁብኝ ነበር፤ እዚያ ግን ያየኝ የለም።

ከወንዙ ማዶ ሼህ እድሪስ የሚባል ነጋዴ አለ፤ ጨውና ጨርቅ ከሱዳን ጠረፍ ከገላባት እያመጣ የሚሸጥ፣ መተማ ሲመጣ ደብዳቤ የምጽፍለት ወዳጄ ነው።

«መርሃባ! መርሃባ ያ ደብተራ! ይህ ሁሉ ጭቃ ካንተ ጋር ነው የመጣ?» ብሎ ተቀበለኝ።

እግሬን ካስታጠበ በኋላ አንድ ቀይ ዶሮና ቢላዋ ይዞ መጣ። «እኛ ያረድነውን አትበላም። እንካ፣ ራስህ ባርከህ እረድ፤ ባለቤቴ ዘሃራ በአዲስ ድስት ትሠራልሃለች» አለኝ።

እንግዲህ ታውቁኛላችሁ፤ እኔ ብዕር ነው የለመድሁ። ገና «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ዶሮዋ ከእጄ ወጥታ፣ አጥር ዘላ ማሽላ ውስጥ ገባች። ቢላዋውን ይዤ ማሽላው ውስጥ ብሮጥ ያገኘሁት እሾህ ብቻ ነው። ስመለስ ዘሃራ በልብሷ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ራቴን የማሽላ ገንፎ በወተትና በባሚያ በላሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከዶሮው የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ሼህ እድሪስ ግን፣ «ዶሮዋ ያንተ ናት፤ ስትመለስ ታገኛታለህ። ሌላ ሰው አይነካትም» አለ።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ደንቢያ ብሆን ልጆች ዝናቡን ሊጠመቁ ሲሮጡ እኔ ከቤት ሆኜ እባርካቸው ነበር። እዚህ ግን የዓመቱ ጠበል ሁሉ እኔው ራስ ላይ ወረደ። ጋቢዬ ራሰ፣ ጥምጥሜ ራሰ፣ የጸሎት መጽሐፌን ብብቴ ሥር አድርጌ አዳንሁ። በሶው ግን ጠብታ አልገባበትም፤ የጥሩዬ ክር ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ለዚህስ ጠቅማናለች አልሁ በልቤ።

ያን ዕለት ያሳደሩኝ በበቆሎ ማሳ መካከል ማማ ላይ ሆነው ዝንጀሮ የሚጠብቁ አንድ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። መሰላሉን ስወጣ ሁለተኛው እርከን ተሰብሮብኝ ተንጠለጠልሁ።

«አብሽር! አብሽር ልጄ፣ የሚሰበረው እሱ ብቻ ነው!» እያሉ በእጄ ጎትተው አወጡኝ። እርከኑ እንደሚሰበር ያውቁ እንደ ነበር ኋላ ነው የገባኝ። ዓርብ ስለ ነበረ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የቀመስሁ፤ እሸት ጠብሰው እኔ ጠግቤ እምቢ እስክል አበሉኝ። እርስዎስ ስላቸው «እኔማ ቀኑን ሙሉ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ስበላ ነው የምውል» አሉ።

ጳጉሜን አራት ማለዳ ደኑ ተጀመረ። ይህን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኛ አገር ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያየ ሰው ታቦት አለ ብሎ ይሳለማል። እዚህ ግን ዋርካው ከሾላው ተቃቅፎ፣ ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ወርዶ፣ ቀርከሃው መንገዱን እንደ ጎጆ ክዳን ሸፍኖት፣ ሽቅብ ብታዩ ሰማይ የለም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ውስጥ ውስጡን ይዘንባል። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርሁ። አንዱን አውልቄ ነው የነቃሁት። ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ያየኝ ነበር፤ እሱ ለማንም አይናገርም።

ቀትር ላይ ከእመት ዳሳሽ ቤት ደረስሁ። ቀጭን፣ ረጅም ባልቴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሁለት በትር ይሄዳሉ። ገና ሳያስገቡኝ፣ «ጥሩዬ ተገላገለች?» አሉ።

«ተገላገለች።»

«ሴት?»

«ሴት ናት፤ ያነሡልን ዘንድ ልወስድዎ መጣሁ።»

በሁለቱ በትራቸው ላይ ተደግፈው አለቀሱ፣ ወዲያው ሳቁ። «አልረሳችኝም በለኛ!» አሉ። ከዚያ የማር እንጀራ ከነሰፈፉ አቀረቡልኝ። የበላሁትን ያህል መጻፍ ያሳፍረኛል።

ጳጉሜን አምስት ጠዋት ስንቄን እየቋጠርሁ፣ በተለመደው ድምፄ «እንግዲህ ነገ የዓመቱ መባቻ በመንገድ ላይ ይውልብናል፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልሁ።

እመት ዳሳሽ አቋረጡኝ። «ነገማ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት። ዘመኑ ሉቃስ አይደል እንዴ?»

ጆሮዬ ጋለ። እውነት ነው፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ይህን ለሰው ሁሉ የማስተምር እኔ ነኝ! ምክንያት አላጣሁም፤ ዓመቱን ሙሉ በየማመልከቻው ላይ የጣልያንን ቀንና የኛን ቀን እያገላበጥሁ ስጽፍ ከርሜ፣ ቀኑ ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ግን ምክንያቱ እመት ዳሳሽ ዘንድ አልጠቀመኝም፤ እስኪበቃቸው ሳቁ።

እፍረቴ ሲበርድ ግን ደስ አለኝ። ያልጠበቅሁት አንድ ቀን አገኘሁ ማለት ነው! ለመስከረም ሦስት ገና ጊዜ አለ። ይህን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ጭሶ ገደልን አይተህ ሂድ። እኔም ለጉልበቴ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር እዚያ እጠመቃለሁ፤ የዘንድሮው ገና ይቀረኛል» አሉ። ማታ ቤታቸው ተመልሰን ነገ ጠዋት ልንነሣ ተስማምተን፣ በአህያዬ ላይ አስቀምጫቸው ወጣን፤ ገደሉ እኔ በመጣሁበት በኩል ነው፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ።

ጭሶ ገደል ከማየቴ በፊት ሸተተኝ፤ የቀጥቃጭ ቤት ይሸታል። ደኑ በድንገት ይቆምና መሬቱ ጥቁር ይሆናል፤ ከስንጥቁ ሁሉ ነጭ ጭስ ይወጣል። ዝናብ ሲነካው ሽሽ ይላል። በመጽሐፍ እሳተ ገሞራ የሚባለውን ሰምቼ ስለ ነበር እሳት ወደ ሰማይ ሲዘል አያለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁ። እመት ዳሳሽ እንደ ነገሩኝ ግን ከሥር የሚነደው ከሰል የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አያታቸውም ሲነድ ነው ያገኙት። ክብሪት በጠፋበት በዚህ ዘመን የአካባቢው ሰው ጭራሮ ስንጥቁ ውስጥ እየሰደደ እሳት ይጭራል። እኔም አንድ ጭራሮ ሰድጄ ብስበው ጫፉ ቀልቷል፤ ደንግጬ ጣልሁት።

ከገደሉ ግርጌ ሙቅ ውኃ ይፈልቃል። እመት ዳሳሽ ከነቀሚሳቸው ገብተው እስከ አንገታቸው ተቀመጡ፤ ከምንጩ አፍ አጠገብ በጨርቅ የቋጠሩትን አራት እንቁላል ነከሩ። እኔም ከታች በኩል ገባሁ። ዝናቡ ከላይ ቀዝቃዛ፣ ውኃው ከታች ሙቅ፣ ዙሪያውን ደን፤ ከተወለድሁ እንደዚያ ተመችቶኝ አያውቅም። እንቁላሉ በስሎ ሲወጣ አንዱ ከእጄ አምልጦ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። የገደሉ ድርሻ ነው ተባባልን።

ወጥተን በሶ ልናማስል እመት ዳሳሽ ስልቻውን ለመፍታት ጎንበስ አሉ። እጃቸው ክሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ቋጠሮ ምንድን ነው?»

«ጥሩዬ ናት፤ ለቀን መቁጠሪያ ብላ ነው።»

«ስንቱን ፈታህ?»

«ኧረ እኔ ምን አደርገዋለሁ፤ እንዳለ ነው። ሰባት ናቸው።»

«መች ሰጠችህ?»

«በወጣሁ ዕለት ማለዳ።»

እመት ዳሳሽ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዛሬ አምስት። አራቱ ሄዱ። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ነገ፣ ዘመን መለወጫና ማግሥቱ። መስከረም ሁለት ነው።»

«ሦስት ነው እንጂ! ቆጥሬዋለሁ።»

«ስትቆጥር ጳጉሜንን ስንት አድርገህ ነው?»

አምስት አድርጌ ነበር።

በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ቀን አላገኘህም ልጄ» አሉኝ። «አንተ ጳጉሜንን ብታሳጥራትም ብታስረዝማትም ልጅቱ ምን ቸገራት? ሰማንያ ቀን ያው ሰማንያ ቀን ነው።»

እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ጥሩዬ ፀሐይ ስትጠልቅ ስትቋጥር የነበረው ታየኝ። ያችኛዋ በስልሳኛው ቀን ሞታለች፤ ስለዚህ ይህችን በየቀኑ፣ ዛሬም ዋለችልኝ እያለች ትቋጥራት ነበር። እኔ ወር ስቆጥር እሷ የልጃችንን ዕድሜ ትቆጥር ነበር፤ እኔም ሥራ ፈት አልኋት። ከውኃው ወጥቼ ሳልደርቅ ሰውነቴ በሙሉ በረደኝ።

እመት ዳሳሽ አራቱን ቋጠሮ በጥርሳቸው እየፈቱ ክሩን መልሰው አሰሩና፣ «ተነሥ፤ እንሂድ» አሉኝ።

«ልብስዎስ? ቀሚስዎ ርሷል።»

«ጥሩው ልብሴ ቤት ነው፤ ቤቴ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። የምጠመቀው እኔ አይደለሁ» ብለው አህያዋ ላይ ወጡ።

ከምሽቱ በፊት ከወሎው ሽማግሌ ማማ ደረስን። እርከኑን አሠርተውት ነበር፤ ለእመት ዳሳሽ ግን መሰላል አይሆንም ብለው ከማማው ሥር በቅጠል ጎጆ ቀለሱላቸው። ጳጉሜን ስድስት ማለዳ አምስተኛው ቋጠሮ ተፈታ። የተረሳችው ቀን በጭቃ አለፈች። ሼህ እድሪስ ቤት ስንደርስ የወንዙ ድምፅ ከግቢው ይሰማ ነበር፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ሰንብቶ ሞልቷል።

መስከረም አንድ ዘመኑ ተለወጠ፤ ወንዙ ግን አልጎደለም። ማለዳ ዳሩ ላይ ቆሜ ሳየው ማዶውና ወዲህ ማዶ የተጣሉ ይመስላሉ። ስድስተኛው ቋጠሮ ተፈትቷል። እኔ በዋና ብሻገር እንኳ ባለ ሁለት በትሯን ባልቴት ምን አደርጋለሁ? ልጁን ያላስጠመቀ ሰው እባላለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ጥሩዬ ደጃፍ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ስለ ታየኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሼህ እድሪስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «በመጀመሪያ ዶሮህን እረድ፤ ዛሬ በዓልህ ነው። ውኃው እስከ ቀትር ጥቂት ይቀንሳል» አለ። ቀይዋ ዶሮ እዚያው ታስራለች። አሁንም አንድ ጊዜ አመለጠችኝ፤ ሁለተኛው ላይ ተሳካልኝ። ዘሃራ በአዲስ ድስት ሠራችልን፤ እነሱ ባይቀምሱትም ከበው ተቀምጠው ያጫውቱን ነበር።

ቀትር ላይ ሼህ እድሪስ አራት ረጃጅም ጎረምሶች ጠርቶ የራሱን መኝታ፣ በጠፍር የተሠራውን አንገረብ፣ ከቤት አስወጣ። እመት ዳሳሽን በላዩ አስቀምጠው በራሳቸው ላይ ተሸከሙት። ዘሃራ ደግሞ የእመት ዳሳሽን ጭቃ የደረቀበት ቀሚስ አየችና፣ «እንዲህ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ?» ብላ ለዒድ የምትለብሰውን የሱዳን ቶብ አመጥታ አለበሰቻቸው፤ ቢጫ ነው፣ አበባ አለው። እንዲህ ሆኖ፣ ውኃ እስከ አንገታቸው የደረሰ አራት ሙስሊም ጎረምሶች፣ ቢጫ ቶብ የለበሱ ክርስቲያን ባልቴት በአንገረብ ተሸክመው ወንዙ ውስጥ ገቡ። መካከል ላይ አንደኛው ተንሸራቶ አልጋው ዘንበል ሲል እኔ ከዳር ሆኜ ጮህሁ። እመት ዳሳሽ ግን ከላይ ሆነው «ዝም በል! ልጆቹን ታስደነግጣለህ» አሉኝ። እኔና አህያዬ በገመድ ተጎትተን ተሻገርን።

ቁልቁለቱን ገስግሰን ፀሐይ ስትጠልቅ ከከተማው ጥቂት ቀረን። ኬላው ሲመሽ ስለሚዘጋ ከአንድ ገበሬ ቤት አድረን፣ መስከረም ሁለት ገና ሲነጋ ተነሣን። ኬላው ላይ ያው አስካሪ ነበር። እመት ዳሳሽን፣ ቢጫውን ቶብ፣ ጭቃዬን ተራ በተራ አየና ወረቀት ሳይጠይቅ እንጨቱን አነሣልን።

ጥሩዬ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ልጃችንን ታቅፋ ቆማለች። መዘግየቴንም፣ መስከረም ሦስቴንም አላነሣችም። እመት ዳሳሽን አንገታቸውን አቅፋ ሳመች፣ ልጅቱን እጃቸው ላይ አኖረች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ክሩስ?»

«ክሩ… በሶው ላይ ነው።»

«ምን ላይ?»

ወዲያው ተጠርተን ገባን፤ ቄሱ ጥምቀቱን ፈጽመው ለልጅቱ አንገት ማዕተብ ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥሩዬ ያንን ክር ለልጇ ማዕተብ ብላ ፈትላ ገምዳዋለች፤ እኔ ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ ስፈታው ለጥምቀቱ ቀን ቋጠሮ የሌለው ንጹሕ ክር ሆኖ እንዲደርስላት ነበር። እኔ የስልቻ አፍ አሰርሁበት። አህያዋ ዘንድ ሮጬ ሄጄ ፈታሁት፤ ሰባተኛው ቋጠሮ ግን በወንዙ ውኃ ርሶ ጠብቋል። ጥፍሬ ተሰበረ፣ ቄሱ ይጠብቃሉ። እመት ዳሳሽ ልጅቱን በአንድ እጃቸው እንደ ያዙ ክሩን ከእጄ ወሰዱ፣ በጥርሳቸው ነክሰው ፈቱት፣ ለቄሱ አቀበሉ።

ልጄ ዛሬም አንገቷ በሶ በሶ ይሸታል። ጥሩዬ ስታጥባት እያሸተተች ትስቃለች።

በማግሥቱ መስከረም ሦስት ነበር፤ የኔ ቀን። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥሩዬ እንደ ልማዷ እጇን ቀን ወደምትቋጥርበት ክሯ ሰደደች። ጫፉን ይዛ ልጅቱን አየቻት፣ ከዚያም ሳትቋጥረው መልሳ አስቀመጠችው።